ብሉ፤ ሎሪው ሲነሳ እንጠራችኋለን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያስጽፍ ሐበሻ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። ፀጉር አስተካካዩ ይመጣል፣ ስልክ ጠጋኙ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊዋ ትመጣለች። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «አያ፣ ሰው የሚያስገባ ነገር ጻፍልኝ።» እኔም የምመልሰው አንድ ነው፦ «የምጽፈውን ማን ይፈጽመዋል?»

ይኼን ስል ፊታቸው ይጠቁራል። «ማስታወቂያ እኮ ነው አያ፤ መሐላ መሰለህ እንዴ?» ይሉኛል።

አዎ፣ መሐላ መስሎኛል። ያልመሰለው ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ያስጽፍ። ክፉ ነው፣ ፊቱ አይፈታም ይሉኛል። ይበሉኝ። ፊቴን የሚፈታ ነገር ካገኘሁ እፈታለሁ። እስከዚያ ግን ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረኝ አውራ ጣት ነው። ጣቴን ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፣ ወረቀት ላይ ይጫኑታል፣ አለቀ። መተማ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመለምል ወኪል ወረቀት ዘርግቶ አነበበልን። ንጹሕ ውሃ አለ አለ። መኝታው ጥላ አለው አለ። የታመመ ሰው በመኪና ከተማ ይወሰዳል አለ። ድምፁ ያምር ነበር፤ እንደ ቅዳሴ ነው ያነበበልን። እኛም እየተጋፋን ጣታችንን ነከርን።

ድንበር ተሻግረን መፋዛ አጠገብ ያለው እርሻ ስንደርስ ውሃው ግመል የሚነከርበት ኩሬ ነው። ጥላው ሰማይ ነው። አንድ ጓደኛችን በወባ ሲንቀጠቀጥ «የታመመ ይወሰዳል ብላችኋል» ብለን ወኪሉን ያዝነው። ያው ወረቀት ከኪሱ ወጣ። ከእኛ መካከል ማንበብ የሚችል አንድ ዲያቆን ነበርና ተቀብሎ አየው። ደጋግሞ አየው። ገልብጦም አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «የለም» አለ። ውሃም የለም፣ ጥላም የለም፣ መኪናም የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኛ ግዴታ ብቻ ነው። ያ ሰውዬ መተማ ላይ ያነበበልን ያልተጻፈውን ነው!

ጓደኛችንን በየተራ ተሸክመን ነው አስፋልት ያደረስነው። ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲያቆኑን እግር በእግር ተከተልኩት። በከሰል ጆንያ ላይ ፊደል እየጻፈ አስተማረኝ። በመኸሩ መጨረሻ የራሴን ስም ጻፍኩ። እንባ ምናምን አልመጣብኝም። ቁጣ ነው የመጣብኝ። ይኼ ነው እንዴ? ይቺን የምታህል ጭረት ናት እንዴ ያን ሁሉ ዘመን እንደ በሬ ስትነዳኝ የኖረችው?

ትከሻዬ ለማጭድ ሲለግምብኝ ወደ ገዳሪፍ ገባሁ፤ ሎሪ መቆሚያው ላይ ጫኝና አውራጅ ሆንኩ። ትከሻዬ ለጆንያ እንዴት እንደተስማማ አትጠይቁኝ፤ አልተስማማም። ከሎሪ መቆሚያው ኋላ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አንድ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ምግብ የምትሸጥ የአገሬ ሴት ነበረች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን፤ እኔ በዕድሜ ብበልጣትም። ድስቷን በራሷ ተሸክማ ድንበር የተሻገረች ሴት ናት። ሥጋ ወጥ ስትሠራ ሽታው መጋዘኑን አልፎ ሎሪው ላይ ያለውን ሾፌር ያስነጥሰዋል። ግን ሰው አይገባላትም። ቀትር ላይ ስሄድ እሷ አለች፣ ወንበሮቹ አሉ፣ ዝንብ አለ።

ዳሱ የአንድ የአገሩ ሰው ነው፤ ሀጂ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። መኸሩ ሲጀመር መጡና በሩ ላይ ቆመው ባዶውን ቤት አዩት። እኔ በሰባራ ዓረብኛዬ አስተረጎምኩ።

«ንገራት» አሉ። «የሲምሲሙ፣ የሰሊጡ አጨዳ እስኪያልቅ አያለሁ። ሰው ከገባበት ሰው ይኑርበት። ካልገባበት ግን ጆንያ አስገባበታለሁ። የጆንያ ባለቤቶች በየቀኑ በሬን እያንኳኩ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ ገዳሪፍ ውስጥ እንኳን ዳስ፣ የዛፍ ጥላም ባለቤት አለው። እትዬ ከዚያ ቤት ከወጣች ድስቷን የምታስቀምጥበት መሬት የላትም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሀጂ ሲሄዱ ማማሰያዋን ይዛ ዞር አለችብኝ።

«አንተ ፊደል አውቃለሁ ስትል አይደል የምትውለው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል? አንድ ነገር ጻፍልኛ!»

ከወዳደቀ ዕቃ መሀል አንድ ላሜራ አገኘሁ። ቀይ የዘይት ቀለም ከአንድ ሾፌር ለመንኩ። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩ። ሰው ምን ይፈልጋል? ርካሽ ነገር። እኔ ራሴ ምን እፈልጋለሁ? ርካሽ ነገር። ገበያው ውስጥ ሻጩ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ምንድን ነው? «ረኺስ! ረኺስ!» ነው፤ በዓረብኛ ርካሽ ማለት ነው። በቃ፣ «ርካሽ ምግብ እዚህ አለ» ብዬ እጽፋለሁ አልኩ። ምላሴን ነክሼ፣ ላብ በዓይኔ እየገባ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። መጋዘኑ ጥግ ላይ፣ ከሎሪ መቆሚያው በሚታይበት በኩል ሰቀልነው።

ሰው መጣ! እየመጣ ይቆማል፣ ያነባል፣ ጓደኛውን ይጠራል። ይስቃሉ። ስልክ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳም ነበር። እኔ ሞኙ ጆንያ ተሸክሜ እያለፍኩ ደረቴን እነፋለሁ። ጽሑፌን ወደዱት ብዬ። ግን የሚገባ የለም። ሁለት ቀን ሆነ፣ ሦስት ቀን ሆነ፣ ከዚያ በፊት ይገቡ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎችም ቀሩ።

በአራተኛው ቀን አንድ ከጭልጋ በኩል የመጣ አጫጅ ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ ጠየቀኝ። «አያ፣ እዚያ ቤት የሚያርደው ማነው?»

«ክርስቲያን ነዋ። ለምን?»

«እኛማ የኛ ቢላ ያልነካው ቢሆን ነው ብለን። እንዲያው ቢያንስ አልደበቁም፣ በግልጽ ጽፈዋል እያልን ነበር።»

ነገሩ አልገባኝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ካርቱም መሄዱ ቀርቶበት እዚህ የቀን ሥራ የሚሠራ አንድ የወሎ ሙስሊም ወጣት፣ ያንኑ ላሜራ እያየ ለጓደኛው «ተመስገን ነው፣ ጽፈው ባያስጠነቅቁን እንበላ ነበር» ሲል ሰማሁ። ጭንቅላቴ ዞረ። ክርስቲያኑም ይሸሻል፣ ሙስሊሙም ይሸሻል። ምን ብጽፍ ነው?

የነገረኝ ምሩቁ ነው። ይኼ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገበያ ማፈላለግ የሚባል ነገር ተምሮ፣ አገር ሲታመስ ተሰድዶ፣ መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ብዙ ተቀምጦ፣ ወደፊት የሚያልፍበት መንገድ እስኪገኝ ከተማ የገባ ነው። ላሜራው ሥር ቆሞ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ሆነ?»

«‹ርኩስ ምግብ እዚህ አለ› ነው እኮ የሚለው!»

ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ቀን ሙሉ የደከምኩበትን ነገር እንደ ባዕድ ሰው ሆኜ አነበብኩት። ር። ኩ። ስ። የካን እግር ማስረዘም ሲገባኝ ወገቡ ላይ ጭረት ሰክቼበታለሁ። የሽን ቆብ ደግሞ ረስቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ያ «ረኺስ፣ ረኺስ» ሲጮኽ ስለዋለ እጄ በስ ጨረሰው። አንድ ጭረት ጨመርኩ፣ አንድ ቆብ አስቀረሁ፣ እንጀራዋን ርኩስ አደረግሁባት። ክርስቲያኑ የሙስሊም ቢላ መሰለው፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ቢላ መሰለው፤ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል አባረርኩላት።

እትዬ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አስቀመጠችና «ፊደል ሳታውቅ ይሻል ነበር» አለች። ይኼን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ምሩቁ «እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ላሜራውን ገለበጠ፣ በጀርባው ጻፈ። ጽሑፉ ቆንጆ ነው፤ ፊደሉ እንደታተመ ነው፤ ቅናት አልደብቅም። እንዲህ ይላል፦ «ክቡራን ደንበኞቻችን! ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ዘመናዊና ባህላዊ የምግብ አገልግሎት! ጥራት መለያችን ነው! እርስዎን ማገልገል ኩራታችን ነው!»

አራት የጩኸት ምልክት። ለአራት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ይሆን?

አጫጆቹ ቆመው አነበቡት። አንዱ አቧራ የለበሰ እግሩን አየና «ይኼ የሹሞች ነው» አለ። ሌላው «ክቡራን ማለት እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው «እኛ አይደለንማ» አለው። ሄዱ። በእርግጥ ማን ነው ያን ሕዝብ ክቡራን ብሎት የሚያውቀው? እርስዎ ሲባል «ለማን ነው?» ብሎ ኋላውን የሚያይ ሕዝብ ነው። ለምሩቁ ነገርኩት።

«ሕዝቡን ማስተማር ያስፈልጋል» አለኝ።

«እስክታስተምረው ጆንያ ይገባበታል!» አልኩት።

በቁጣዬ ላይ ቁጣ ጨመረብኝ። ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው። እኔም እሱም እቤት ቁጭ ብለን ስለ ምግቡ አሰብን። የሚበላውን ሰውዬ የጠየቀ የለም። በማግስቱ ጆንያዬን አራግፌ ሎሪው ጎማ አጠገብ ደረቅ ብስኩት የሚቆረጥሙ ሦስት ሰዎች ጋ ተቀመጥኩ።

«ትኩስ ወጥ እዚያ መጋዘን ጀርባ አለ። ለምን ይኼን ድንጋይ ትበላላችሁ?»

«ሎሪውስ?» አለኝ አንዱ፣ ዓይኑን ከሎሪው ሳይነቅል።

«ሎሪው ምን ሆነ?»

«ይሄድብናላ! ወኪሉ መቼ ‹ተነሳ› እንደሚል ማን ያውቃል? ትናንት አንዱ ሽንቱን ሊሸና ዞር ቢል ጥለውት ሄዱ።»

«ሱሪውን እየታጠቀ ነው የሮጠው» አለ ሁለተኛው።

«ምን ሮጠ፣ ሱሪው ነው የጣለው እንጂ!» አለ ሦስተኛው፤ ሳቁ። ሲስቁ እንኳ ዓይናቸው ሎሪው ላይ ነው።

እዚያው ገባኝ። የእትዬ ቤት ከሎሪው ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ግን ከዚያ ሆኖ ሎሪው አይታይም። መጋዘኑ ይጋርደዋል። ሰዎቹ የሚፈሩት ሎሪው ጥሏቸው እንዳይሄድ ነው፤ ሎሪው ከሄደ መኸሩ ሄደ፤ መኸሩ ከሄደ ከአገራቸው የመጡበት ሁሉ ሄደ። ርካሽ ብትለው፣ ዓለም አቀፍ ብትለው ይኼ ፍርሃት ንቅንቅ አይልም። ደግሞም የምግቡን ነገር ሽታው ነግሯቸዋል፤ ሽታ ከእኔም ከምሩቁም የተሻለ ጸሐፊ ነው።

ላሜራውን መልሼ ገለበጥኩና የራሴን ጽሑፍ በናፍጣ ፈተግሁት። እንደገና ልጽፍ ስል ምሩቁ አጠገቤ ቆመ።

«‹ብላ› ብዬ ልጀምር ነው» አልኩት።

«ይኼማ ቁጣ ነው ጋሼ! ‹ይብሉ› ይበሉ።»

«ይብሉ ካልኩት ይፈራል። ብላ ካልኩት ይቆጣል።» ትንሽ አሰብኩ። አገራችን ሰርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ ባለቤቱ ዳሱ ውስጥ እየተንጎራደደ የሚለው ምንድን ነው? ማንንም ሳይለይ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም? «ብሉ» ነው የሚለው። ብሉ እንጂ፣ ምነው፣ ብሉ! ይኼ ቃል ማንንም አያሳፍርም።

ጻፍኩት፦ «ብሉ። ሎሪው ሲነሳ እንጠራችኋለን።»

ካን ፈለግሁ፣ ሽን ፈለግሁ፤ አንዱም የለበትም፤ ደስ አለኝ። ምሩቁ ግን አልጣመውም። «ስለ ምግቡ አንድ ቃል የለም! ጥቅሙ የት አለ? ልዩ የሚያደርገው የት አለ?»

«ማንበብ ትችል የለ? አንብበው።»

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሰማችን። «የሚጠራውስ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኛ። ሎሪው ሥር አይደል የምውለው?»

በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ብስኩት በሎች ገቡ። እየበሉም አንገታቸውን ወደ በሩ ያሰግጉ ነበር። ሎሪው ሞተሩን ሲያስነሳ ዳሱ በር ድረስ ሮጬ «መፋዛ! መፋዛ!» ብዬ ጮኽኩ። አፋቸውን እየጠረጉ ወጡ፣ ደረሱ፣ ተሳፈሩ። ሎሪው ላይ ሆነው መቆሚያው ላይ ለቀሩት ነገሯቸው። በማግስቱ ሰባት ሆኑ። በሳምንቱ ወንበር ጠፍቶ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጡ ጀመር። ማን እንዳረደው የሚጠይቅም ካለ እትዬ ራሷ ትነግረዋለች፤ ሥጋ የማይፈልገው ሽሮ አለለት። እኔ ቀኑን ሙሉ የሎሪዎቹን መድረሻ፣ «ሀዋታ! መፋዛ!» ስል ጉሮሮዬ ተላጠ። ምሩቁ ደግሞ ምን ሲያደርግ አገኘሁት? ለጓደኞቹ ላሜራውን እያሳየ «አጭርና ግልጽ መልእክት፤ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት» ሲል! ተውኩት። ለጊዜው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። የሰው ጥፋት ስናገር አይኔ እንደማይጨፈን ሁሉ የራሴንም በግልጽ እላለሁ።

ስሜ ወጣ። ያ ፀጉር አስተካካይ መጣና «አያ፣ ለእኔም እንደሷ ጻፍልኝ፤ ምስጢሩ ምንድን ነው?» አለኝ። ምስጢሩ! ዕድሜ ልኬን ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን አጣምሬ ማስተማር ጀመርኩ። «አየህ፣ መጀመሪያ ሰውየው የሚፈራውን እወቅ። ከዚያ በአንድ ቃል ፍርሃቱን አንሳለት። ረጅም ነገር አትጻፍ። የማትፈጽመውን አትጻፍ…» ይኼንኑ እያልኩ፣ ይኼንኑ በአፌ እያልኩ፣ የሀዋታው ሎሪ ከጀርባዬ ወጥቶ ሄደ።

የሰማሁት አቧራው አፌ ውስጥ ሲገባ ነው። ሮጥኩ። ዳሱ ውስጥ አምስት ሰው እየበላ ነው። «ሎሪው ሄደ!» አልኩ። አራቱ ጎረምሶች ዘለው ወጡ፣ ሮጡ፣ አልደረሱበትም፤ እየተራገሙ ተመለሱ። አምስተኛው አዛውንት ናቸው፣ ከአለፋ በኩል የመጡ። አልሮጡም። እጃቸውን ቀስ ብለው ታጠቡ፣ ወጡ፣ ላሜራው ሥር ቆሙ።

«ይኼን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

«ብሉ፤ ሎሪው ሲነሳ እንጠራችኋለን።»

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«እንግዲያው እውነት ነው የተጻፈው» አሉ። «እኔ ፊደል አላውቅም። አንድ ልጅ ነው ያነበበልኝ። ያልተጻፈ ነገር አንብቦልኝ ይሆን ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ መንገዱ አዩ። «ማጭዴ ሎሪው ላይ ነው። ብርድ ልብሴም፣ የወባ ኪኒኔም እዚያው ነው።»

አልተቆጡም። መፋዛ አጠገብ ያን ወረቀት እያገላበጥን የቆምነውን አስታወስኩ። እኔ አሁን ያ ባለ ጥሩ ድምፅ ሰውዬ ነኝ። ልዩነቱ የእኔው ቃል በጽሑፍ መኖሩ ብቻ ነው፤ ይኼ ደግሞ ይብሳል።

ጎረምሶቹ ሎሪ መቆሚያው ላይ ነገሩን አዳረሱት። «ርኩሶቹ ዋሹን» እያሉ፣ ያቺን የድሮዋን ቃል እንደገና አንስተዋት። ከሰዓት በኋላ የእትዬ ቤት ባዶ ሆነ። መኸሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሀጂ ደግሞ በዚያው ሰሞን እመጣለሁ ብለዋል።

«አውርደው» አለችኝ እትዬ። «ሰው የሚያሳስት ነገር ቤቴ ላይ አይሰቀል። ጆንያ ቢገባም ይግባ።»

ምሩቁ ጣቱን አነሳ። «መውረድ የለበትም። አንድ ቃል ብቻ ይጨመርበት። ‹በተቻለ መጠን እንጠራችኋለን›። ከዚያ ማንም አይጠይቅም።»

በተቻለ መጠን! እኔ በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ ብዙም ተሳድቤያለሁ፤ እንደዚያ ቃል ያቃጠለኝ የለም። የተማረ ሰው ውሸት እንዲህ ነው የሚዋሸው። አይዋሽም እኮ! በር ይሠራል፣ ከዚያ በዚያ በር ይወጣል። «የታመመ በተቻለ መጠን ከተማ ይወሰዳል» ቢባልስ ኖሮ ጓደኛችን በማን ትከሻ አስፋልት ይደርስ ነበር?

«አንተ» አልኩት፣ «ይኼን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ ስትል አልነበር?»

ዓይኑን ወደ ላሜራው አዞረ።

«ስትል አልነበር ወይ?»

«ማለቴ ሐሳቡን…»

«በጄ። የጻፈው ይፈጽማል። እኔ አባታችንን ይዤ ሀዋታ እሄዳለሁ። እስክመለስ ሎሪው ሥር ቆመህ የምትጠራው አንተ ነህ።»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሎሪ ሥር ለመጮህ አይደለም!»

«እኔም ፊደል የቆጠርኩት ሰው ለማስራብ አይደለም። በል ተነስ።»

እትዬ ማማሰያዋን ይዛ አየችው። ያ እይታ ከእኔ ስድብ በለጠ መሰለኝ፤ ተነሳ።

አንድ የማውቀው ሾፌር ባዶ ጆንያ ጭኖ ወደ ሀዋታ ሊሄድ ነበር። ለመንኩት። ስድስታችንም ጆንያው ላይ ወጣን። ጎረምሶቹ መንገዱን ሙሉ ሰደቡኝ፤ ተገቢ ስለሆነ አልመለስኩም። አዛውንቱ ግን ጥቁሩን የኮትቻ መሬት ያያሉ። ድንገት «ጠሪው ምን ነካህ ታዲያ?» አሉኝ።

«ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ሰው እያስተማርኩ ነበር።»

አዩኝ። ከዚያ ጥርስ የሌለው አፋቸውን ከፍተው ሳቁ፤ ጎረምሶቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሀዋታ ስንደርስ ወኪሉ የእነሱን ቦታ ለሌላ ሊሰጥ ነበር። ተሟገትኩት። በዓረብኛም በአማርኛም ተሟገትኩት፤ መጨረሻ ላይ ከጩኸቴ ለመገላገል አስገባቸው። የአዛውንቱ ጥቅል ሎሪው ጥግ ተጥሎ ተገኘ፤ ማጭዱም፣ ብርድ ልብሱም፣ ኪኒኑም አለ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል «ሂድ፣ ሂድ» አሉኝ፣ «ሌላ ሎሪ እንዳይሄድብህ።»

በማግስቱ ገዳሪፍ ስደርስ፣ ገና ከሎሪው ሳልወርድ ድምፅ ሰማሁ። የተላጠ፣ የተቀደደ ድምፅ ነው። «ሀዋታ! ሀዋታ! ኧረ ሀዋታ የምትሄዱ፣ ውጡ! ተነሳ እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ እናንተ!» ምሩቁ ነው። ክቡራን የለም፣ እርስዎ የለም። ዳሱ በር ላይ አንድ እግሩ፣ ሎሪው ላይ አንድ እጁ፣ ሾፌሩን በሁለት ቋንቋ እየለመነ ያስቆመዋል። ከውስጥ አራት ሰው ወጣ፤ አራቱም ተሳፈሩ። ሲያየኝ «አንድም አላመለጠም» አለኝ፤ ድምፁ አይወጣም ነበር። ተው ልበለው ብዬ ተውኩት። ላሜራው እንደነበረ ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም።

ከዚያ በኋላ ተራ ገባን፤ እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። ሰው ቀስ እያለ ተመለሰ። መጀመሪያ አንድ ሰው ይገባል፣ ጓደኛው ሎሪው ጋ ይቆማል፤ መጠራታችንን ሲያይ ሁለቱም ይገባሉ። ሀጂ በቀጠሯቸው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ውስጡ በሰው ስለሞላ ከዚያ ማለፍ አልቻሉም። ላሜራውን አዩና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው።

«ይኼ ብቻ?» አሉ።

«ይኼ ብቻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከእትዬ እጅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ስለ ጆንያ አላነሱም። እትዬ ደግሞ የዚያን ቀን የሰጠችኝ ቅልጥም ከሰው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ምሩቁ ኋላ መንገዱ ተገኘለትና ሄደ። እኔ እዚህ ነኝ። ላሜራውን ፀሐይ ከጎን ሲመታው ከአዲሱ ጽሑፍ ሥር ያ «ርኩስ» የሚለው አሁንም ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ናፍጣው በደንብ አልፈተገውም። እንዳጠፋው ይነግሩኛል። አላጠፋውም።

ያኔ፣ በዚያው መኸር፣ ሲምሲሙ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ፣ እኚያ አዛውንት ከሀዋታ ተመለሱ። ወደ መተማ የሚሄደው ሎሪ ቆሟል። ጥቅላቸውን ሎሪው ላይ ወረወሩት፤ ማጭዱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉን። እኔን አዩኝ። ላሜራውንም አላዩትም፤ ማን አንብቦላቸው። በቀጥታ ዳሱ ገቡ፣ ከበሩ ራቅ ያለውን ወንበር መረጡ፣ ጀርባቸውን ለሎሪው ሰጥተው ተቀመጡ።

እኔ የዚያን ቀን አንድ ጆንያ አላነሳሁም። ጎማው አጠገብ ቆሜ ዓይኔን ከሾፌሩ እጅ ላይ አላነሳሁም።